ሻምፒዮኑ ሲወርድ

ክሪኬት እወዳለሁ ስል ሐበሻ ጓደኞቼ መጀመሪያ ይስቃሉ። ከዚያ «ያ አምስት ቀን ተጫውተው አቻ የሚወጡበት ነገር?» ይሉኛል። ላስተካክላቸው እሞክራለሁ። «የካውንቲው እንኳን አራት ቀን ነው» እላለሁ። (ካውንቲ የእንግሊዝ አውራጃ ነው፤ የአውራጃ ቡድኖች የሚገጥሙበት ሻምፒዮንሺፕ የሚባል ሊግ አላቸው።) «ይሄማ የባሰው!» ይሉና ወደ አርሰናል ወሬያቸው ይመለሳሉ።

ክሪኬት ያስለመደኝ ሥራዬ ነው። ለንደን ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሌሊት ፈረቃ ሠርቻለሁ። የሌሊት ሠራተኛ ከሰዓት በኋላው የራሱ ነው፤ ችግሩ ያን ሰዓት የሚያጫውተው ሰው የለም። የካውንቲ ክሪኬት ደግሞ በአብዛኛው የሚካሄደው በሥራ ቀን ነው። ረፋድ ላይ ይጀመርና እስከ አመሻሹ ይቀጥላል። ማን ያየዋል? ጡረተኛና እንደኔ ዓይነቱ።

ሎርድስን በኤፕሪል ወር አይታችሁት ከሆነ ይገባችኋል። ወደ 30 ሺህ ሰው የሚይዝ፣ በክሪኬት ዓለም ከዚህ በላይ ስም ያለው ሜዳ የለም የሚባልለት ስታዲየም ነው። በካውንቲ ቀን ግን እዚህ አምስት፣ እዚያ ሦስት ሰው ተበታትኖ ይቀመጣል። ብርዱ አጥንት ይገባል። ሽማግሌዎቹ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ቴርሞሳቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ እያንዳንዷን ኳስ በደብተር ይመዘግባሉ። ሜዳው ላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ፀሐይዋንም ይከታተላሉ። ጥላው ወደነሱ ሲመጣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ፀሐይ ወዳለበት ወንበር ይሸጋገራሉ። ማንም ምንም ሳይናገር ሰው ሁሉ በቀን ውስጥ ቀስ እያለ ስታዲየሙን ይዞራል። እኔም አብሬ እዞራለሁ።

የማወራው ስለ ሚድልሴክስ ነው። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ስለደረሰበት ነገር።

ሚድልሴክስ ራሱ ጉደኛ ቡድን ነው። ስሙን የሰጠው አውራጃ አሁን በአስተዳደር ካርታ ላይ የለም፤ በ1965 አብዛኛው ወደ ታላቋ ለንደን ተጠቃሏል። ሎርድስም የራሱ አይደለም። ሜዳው የኤም ሲ ሲ ክለብ ንብረት ነው፣ ሚድልሴክስ ተከራይ ነው። ለንደን ውስጥ በኪራይ የኖረ ሐበሻ ይህን ሲሰማ ቡድኑን ሳይወድ አይቀርም።

ለማያውቅ ጨዋታውን በአጭሩ ልበል፤ ካልሆነ የሚቀጥለው አይገባም። ወርዋሪው ኳስ ይወረውራል፤ መቺው መትቶ ሩጫ ያስቆጥራል። አንድ መቺ ሲወጣ አንድ ዊኬት ወደቀ ይባላል። አሥር ዊኬት ከወደቀ የቡድኑ ተራ አበቃ። ስድስት ኳስ አንድ ኦቨር ይባላል። በአራት ቀን ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት ተራ አለው። ብዙ ማስቆጠር ብቻ አያሸንፍም፤ ቀኑ ሳያልቅ ተጋጣሚህን አስወጥተህ መጨረስ አለብህ። ካልጨረስክ አቻ ነው። ያኔ ማሸነፍ 16 ነጥብ፣ አቻ 5 ነጥብ ያስገኝ ነበር። ከዚያ ሌላ በመጀመሪያዎቹ ተራዎች ላይ ጥሩ ለመታና ጥሩ ለወረወረ ጉርሻ ነጥብ አለ። በቃ፣ ይሄ ይበቃናል።

በ2016 ሚድልሴክስ ሻምፒዮን ሆነ። ከ1993 በኋላ የመጀመሪያው ነበር። 16 ጨዋታ ተጫውቶ አንዱንም አልተሸነፈም። ስድስት አሸነፈ፣ አሥር አቻ ወጣ።

የመጨረሻው ቀን፣ ሴፕቴምበር 23፣ እስካሁን ይወራል። ሚድልሴክስ በሎርድስ ዮርክሻየርን ያስተናግዳል። ዮርክሻየር በ2014 እና በ2015 ዋንጫውን የወሰደ ቡድን ነው፤ ሦስተኛውን ፈልጓል። ሶመርሴት የራሱን ጨዋታ ቀድሞ አሸንፎ ጨርሷል። ተጫዋቾቹ በሜዳቸው በቶንተን ከተማ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብለዋል። ሎርድስ ላይ አቻ ከሆነ ዋንጫው የሶመርሴት ነው። ሶመርሴት ደግሞ በ1891 ወደ ሻምፒዮንሺፑ ከገባ ጀምሮ አንድም ጊዜ በልቶት አያውቅም።

ጨዋታው ወደ አቻ እየሄደ ነው። አቻ ለሁለቱም ሞት ነው። ስለዚህ የሚድልሴክሱ ካፒቴን ጄምስ ፍራንክሊንና የዮርክሻየሩ አንድሩ ጌል ተነጋገሩ። ተስማሙ። ከዚያ በኋላ የዮርክሻየር መቺዎች ወርዋሪ ሆነው ብቅ አሉ። ሆን ብለው ለስላሳ ኳስ ያቀብላሉ፤ ሚድልሴክስ እንደፈለገ ይመታል። ሩጫው በፍጥነት ሞላ። ሚድልሴክስ ተራውን በራሱ ፈቃድ ዘጋ። ዮርክሻየር በ40 ኦቨር 240 ሩጫ አስቆጥር ተባለ። ይህ በደንቡ የተፈቀደ ነው፤ ድሮም ይደረግ ነበር። ግን ቶንተን ላይ ቁጭ ብለህ ስታየው ምን ይሰማሃል?

ዮርክሻየር ቀረብ አለ፣ ከዚያ መፈራረስ ጀመረ። ቀኑ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቶቢ ሮላንድ-ጆንስ በተከታታይ ኳሶች ሦስት ሰው አስወጣ። ሃትሪክ! በሃትሪክ ዋንጫ። ሚድልሴክስ 230 ነጥብ፣ ሶመርሴት 226።

ያኔ ከእኔ ጋር ፈረቃ የሚቀያየር አንድ ሽማግሌ ባልደረባ ነበረኝ። የቶንተን ልጅ ነው፣ ሶመርሴት ሲነሳ ደሙ ይሞቃል። በዕድሜው አባቴ ይሆናል፤ አገር ቤት ቢሆን ጋሼ ብዬው ነበር። በማግስቱ ሲገባ ምንም አላልኩትም። እሱ ነው የጀመረው። «ጨዋታ አልነበረም» አለኝ። «ስምምነት ነበር።» ጃኬቱን ሰቀለና ወደ ሥራው ሄደ። እኔም ቁልፉን አስረክቤ ወጣሁ።

ከዚያ 2017 መጣ።

የዚያ ዓመት አንደኛ ዲቪዚዮን ከዘጠኝ ወደ ስምንት ቡድን ቀንሷል። ጨዋታው ከ16 ወደ 14 ወርዷል። የሚወርዱት ሁለት ናቸው። ከስምንት ሁለት ማለት ሩቡ ይወርዳል ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ሊግ መሃል ላይ ተዝናንቶ መቀመጥ የለም፤ ዋንጫ የማይፎካከር ሁሉ ወራጅ ቀጠና ደጃፍ ላይ ነው። ይህ ነገር ኤፕሪል ላይ ለማንም አይታይም። ሚድልሴክስ ያው ሻምፒዮኑ ነው። ልጆቹ ያው ናቸው። ካፒቴኑም ያው ፍራንክሊን ነው። «ዘንድሮም አይቀርልንም» የሚለው ሰው ብዙ ነበር። ከቴርሞሶቹ መሃል እኔም።

ምን ተበላሸ? አንድ ትልቅ ነገር ቢሆን ለመናገር ይቀል ነበር። የተበላሸው ግን ጥቂት ጥቂት እየሆነ ነው። ኒክ ጋቢንስ በ2016 በሻምፒዮንሺፑ ከ1,400 በላይ ሩጫ አስቆጥሮ ነበር፤ በ2017 ያንን አልደገመውም። ኒክ ኮምፕተን ብቃቱ ወረደ። በጁላይ መጨረሻ እንግሊዝ ለንደን ባለው በኦቫል ሜዳ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ቴስት (አምስት ቀን የሚፈጀው የብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ) ስትጫወት ሦስት አዲስ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ አሰለፈች። ሁለቱ የሚድልሴክስ ናቸው፦ ሮላንድ-ጆንስ እና ዳዊድ ማላን። ሮላንድ-ጆንስ የደቡብ አፍሪካን የመጀመሪያ አራት መቺዎች ራሱ አስወጣ። 57 ሩጫ ብቻ አስቆጥሮበት አምስት ዊኬት ወሰደ። ደስ አለኝ፤ የእኛ ልጅ ነው። ግን ለብሔራዊ ቡድን የተጠራ ልጅ ለካውንቲው ያ ሳምንት የለም። ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ ጀርባው ላይ የአጥንት ስንጥቅ ተገኘበትና ከናካቴው ከሜዳ ወጣ። ጥሩ ልጅ ያፈራ ቡድን በዚህ መንገድ መቀጣቱ እስካሁን ይገርመኛል። ለሌሎቹ ትልልቅ ካውንቲዎችም ያው ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም።

የቀረው ቲም መርታ ነበር። ፀጉሩ የሳሳ፣ ፍጥነቱ የማያስፈራ፣ ኳስን ግን በፈለገበት ቦታ የሚያሳርፍ ወርዋሪ። ከላይኛው ወንበር ሆኜ ሳየው ቀኑን ሙሉ ያችኑ አንዲት የሣር ቁራጭ ሲመታ ይውላል። (በ2019 ለአየርላንድ ተሰልፎ እዚሁ ሎርድስ ላይ በ13 ሩጫ አምስት ዊኬት ወስዶ እንግሊዝን ከምሳ በፊት በ85 ሲያስወጣ፣ የካውንቲ ተመልካች ብቻ ነው ያልደነገጠው።) አንድ ሰው ግን ወቅት አይሸከምም።

እኔን የሚያበሳጨኝ አቻው ነው። በ2016 አሥሩ አቻ «ጠንካራ ቡድን፣ የማይሸነፍ» አሰኝቶታል። በ2017 የተጫወተውን ሳየው ልማዱ ያው ነው። ይጠነቀቃል። መጀመሪያ አለመሸነፉን ያረጋግጣል፤ ከዚያ ጊዜ ከተረፈ ማሸነፍን ያስባል። ልዩነቱ ድሉ ነው፦ ከስድስት ወደ ሦስት ወረደ። ሽንፈት ደግሞ ካለፈው ዓመት ዜሮ ተነስቶ መጣ። አምስት ነጥብ ይዘህ ወደ ቤት ስትሄድ ያተረፍክ ይመስልሃል። ከጎንህ ያለው ቡድን ሁለቴ ተሸንፎ አንዴ ሲያሸንፍ 16 ይዟል፣ አንተ ሦስቴ አቻ ወጥተህ 15። እስከ ኦገስት ድረስ ሰንጠረዡን ገልጦ ይህን የሚያሰላ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ፍላጻው።

ኦገስት 31፣ ኦቫል። ሚድልሴክስ ከጎረቤቱ ከሰሪ ጋር፣ አራተኛ ቀን። ጨዋታው ወደ አቻ እየሄደ ነው (ሌላ ምን ይሆናል)። ከሰዓት በኋላ ላይ ከየት መጣ ያልተባለ ፍላጻ ከስታዲየሙ ውጭ ተወንጭፎ ሜዳው ላይ ተሰካ። ልጆች የሚጫወቱበት ዓይነት አይደለም። እንደ ጠመንጃ ደግነው ቃታ ስበው ከሚለቁት ቀስት የወጣ፣ ጫፉ ብረት። ተጫዋቾቹና ዳኞቹ ሜዳውን ለቀው ወደ ውስጥ ሮጡ። ተመልካቹ ከጣራ ስር እንዲጠለል ተነገረው። የታጠቀ ፖሊስ ገባ። በዚያ ዓመት ለንደን በዌስትሚኒስተርና በለንደን ድልድይ ያየችውን አይታለች፤ ማንም እንደ ቀልድ አልወሰደውም። እኔ ስልኬ ላይ ውጤት እየተከታተልኩ ነበር። ቁጥሩ መንቀሳቀስ አቆመ። ዝናብ መስሎኝ ሰማዩን አየሁ፤ ለንደን ላይ ፀሐይ ነው። ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን። ጨዋታው ግን እዚያው ላይ ተቋርጦ አቻ ተባለ።

በዚህ መሃል ሰው ያላስተዋለው ነገር ተፈጠረ። በካውንቲ ደንብ ወራሪ… ይቅርታ፣ ወርዋሪ ቡድን በሰዓት 16 ኦቨር መወርወር አለበት። ከዚያ ካነሰ፣ ለጎደለችው ለእያንዳንዷ ኦቨር አንድ ነጥብ ይቀነሳል። ሚድልሴክስ በዚያ ጨዋታ ጎድሎበት ተገኘ። ሁለት ነጥብ ተቀነሰ።

ሁለት ኦቨር 12 ኳስ ነው። በደንቡ ፍጥነት ቢሰላ ስምንት ደቂቃ አይሞላም። ወርዋሪው ኳሱን በሱሪው እያሸ ወደ መነሻው ሲያዘግም፣ ካፒቴኑ አንዱን ሰው ወደ ግራ ሁለት እርምጃ ሂድ፣ አይ ተመለስ ሲል፣ አንዱ የጫማ ክሩን ሲያስር የሚያልቅ ጊዜ። አራት ቀን ሙሉ ሲጠራቀም ስምንት ደቂቃ። ዜናው ላይ ስለ ፍላጻው ተጽፎ ተጽፎ ሲያበቃ ቅጣቱ ታች በአንድ መስመር ነበር።

የመጨረሻው ጨዋታ የት ደረሰ መሰላችሁ? ቶንተን። ከማን ጋር? ከሶመርሴት። ልብ ወለድ ላይ ብታነቡት «ደራሲው አበዛው» ትላላችሁ። ሁለቱም ላለመውረድ ነው የሚጫወቱት። ዓምና አንደኛና ሁለተኛ የነበሩት ቡድኖች!

ሶመርሴት ያኔ በወጣቱ ቶም አቤል ይመራ ነበር። ማርከስ ትሬስኮቲክ፣ ያ አንጋፋው፣ አሁንም አለ። ቶንተን ያዘጋጀው ሜዳ ደረቅ ነው፤ ኳስ ሲያርፍ አቧራ ያስነሳል፣ ይጠመዘዛል። ሶመርሴት ጃክ ሊችና ዶም ቤስ የሚባሉ ኳስ የሚያሾሩ ወርዋሪዎች አሉት፤ ከዚህ የተሻለ ሠርግ አይፈልጉም። ስለ ሜዳው ብዙ ተባለ። እኔ በዚህ አልከራከርም። ባለሜዳ ሜዳውን ለራሱ ካላዘጋጀ ለማን ያዘጋጅ?

ሴፕቴምበር 28 ላይ ሚድልሴክስ የመጨረሻ ተራውን ይዞ ወጣ። የሚያሳድደው ሩጫ ብዙ ነው፤ ማሸነፉ ቀርቶ ቀኑን መግፋት ነበር ተስፋው። ማለትም አቻ። ዓመቱን ሙሉ ሲለማመደው የኖረውን ነገር፣ በቁርጡ ቀን ማምጣት አቃተው። አንዱ ወጣ፣ ሌላው ወጣ። ከሥራ ተመልሼ መተኛት ነበረብኝ፤ አልተኛሁም። ስልኩን ትራስ ስር እከትና መልሼ አወጣዋለሁ። ባየሁት ቁጥር አንድ ዊኬት ወድቋል። ልዩነቱ በመጨረሻ ከ200 ሩጫ በላይ ሆነ። ተሸነፈ አይባልም፣ በአፍጢሙ ተደፋ።

ሶመርሴት 147 ነጥብ፣ ሚድልሴክስ 146። ሁለቱ ነጥብ ባይቀነስ ኖሮ ሚድልሴክስ 148 ሆኖ ይተርፋል፣ ሶመርሴት ይወርዳል። ሁለቱ ዲቪዚዮኖች በ2000 ከተጀመሩ ወዲህ ዋንጫ በበላ በዓመቱ የወረደ አራተኛው ቡድን ሆነ፤ ከሱ በፊት ዮርክሻየር በ2002፣ ኖቲንግሃምሻየር በ2006፣ ላንክሻየር በ2012። ዋንጫውን ኤሴክስ ወሰደ፤ ገና በዚያው ዓመት ከታች ያደገ ቡድን! አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲወርድ ደረጃው ላይ ተላለፉ።

ክለቡ ዝም አላለም፤ ስለ ሁለቱ ነጥብ ተከራከረ። ኦቫል ላይ ጨዋታው ያለቀው በፍላጻ ነው፣ በቡድኑ ጥፋት አይደለም የሚል ነገር ነበረው። ውጤቱ አልተቀየረም። የሚድልሴክስ ደጋፊ ሁሉ በፍላጻ ወረድን ይላል። ታሪኩ ያምራል፤ እኔም ለማያውቅ ሰው ሳወራ ከዚያው ነው የምጀምረው፣ ካልሆነ ማን ይሰማኛል። ግን ፍላጻው ያረፈው ሣር ላይ ነው። ኦቨሮቹ የጎደሉት በራሳችን ወርዋሪዎች እግር ነው። እነዚያ ሁለት ነጥቦችም ወሳኝ የሆኑት ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ወራት አንድ ተጨማሪ ጨዋታ ማሸነፍ ስላቃተን ነው። አንድ አቻ ወደ ድል ቢቀየር አሥራ አንድ ነጥብ ይጨመር ነበር። ፍላጻም፣ ኦቨርም፣ የቶንተን አቧራም ትዝ አይለንም ነበር።

ደንቡ ራሱ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ብዙ የሚድልሴክስ ሰው ይህን ስል ፊቱን ያዞርብኛል። ከፍሎ የገባ ሰው አለ። ብርድ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ አለ። ወርዋሪ ሲያዘግም የሚባክነው የሱ ቀን ነው።

በማግስቱ ፈረቃ ስንቀያየር ሽማግሌው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ሻይ አፍልቶልኛል፤ ያን ቀን ብቻ ነው ያፈላልኝ። ምንም አላለም፣ እኔም ምንም አላልኩም። ስኳር ስንት እንደምፈልግ ብቻ ጠየቀኝ።

ከዚያ ወዲህ ሚድልሴክስ ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ለመመለስ እስከ 2022 ፈጀበት። ተመልሶም በ2023 እንደገና ወረደ። ሶመርሴትም በ2018 ሁለተኛ ወጣ። በ2019 የመጨረሻው ጨዋታ ቶንተን ላይ ከኤሴክስ ጋር ሆነ፤ ማሸነፍ ነበረበት፣ ዝናብ ገባበት፣ አቻ ወጣ፣ ኤሴክስ ዋንጫውን በላ። ትሬስኮቲክ ለስንብቱ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ተቀይሮ ገብቶ ሜዳ ላይ ቆመ። ያን ዋንጫ ሳይነካው ጡረታ ወጣ።

ሽማግሌውም ጡረታ ወጥቶ ወደ አገሩ ገብቷል። አልፎ አልፎ እንደዋወላለን። ስለ ሁለቱ ነጥብ ባነሳሁበት ቁጥር መልሱ አንድ ነው። «በ2016 ተስማምታችሁ ያበሰላችሁትን በ2017 በላችሁት፤ ሂሳባችን ተዘጋ።» አልተዘጋም እለዋለሁ፤ በ2016 ዋንጫ ነው የቀረባችሁ፣ እኛ ግን ዓመታት ታች ከረምን። «ዋንጫ በልቶ መውረድና ሳይበሉ መቆየት፣ የቱን ትመርጣለህ?» ይለኛል። እዚህ ላይ ሁሌም እንጣላለን። ከመዝጋቱ በፊት ዘንድሮስ ምን ታስባለህ ብዬ እጠይቀዋለሁ። «ዘንድሮ የእኛ ነው» ይላል። በየዓመቱ ነው የሚለው።